የኪሊፊ ባለሱቆች፦ የመድኃኒት ሽያጭ ስልጠና ምን ለወጠ፣ ምንስ ሳይለውጥ ቀረ?

ኪሊፊ ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ በኬንያ የባሕር ዳርቻ የሚገኝ አካባቢ ነው። ከነዋሪው አብዛኛው ጊርያማ የሚባለው ሕዝብ ነው፤ በቆሎና ካሳቫ ያርሳል፣ ኮኮናትና ካሹ ይሸጣል። በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኪሊፊ ገጠር ሕፃን ልጅ ሲያተኩሰው እናት ብዙውን ጊዜ ቀድማ የምትሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ወደ ዱካ ነበር። ዱካ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚቸረቸርበት የመንደር ሱቅ ነው፤ ከሳሙናው አጠገብ ኪኒን ይቀመጣል። ጤና ጣቢያው ይርቃል፣ ወረፋ አለው፣ ደርሰውም መድኃኒት አልቋል ሊባሉ ይችላሉ። ሱቁ ግን ደጅ ላይ ነው፤ ማታ ይከፍታል፤ ባለቤቱ ጎረቤት ስለሆነ ዱቤም አይከለክልም።

ባለሱቁ የጤና ትምህርት የለውም። የኬንያ ሕግ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶችን በተራ ሱቅ መቸርቸር ይፈቅዳል፤ ያን ጊዜ ክሎሮኪንም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ስለዚህ ሻጩን ሕገወጥ ማለት አይቻልም፤ ባለሙያ ማለትም አይቻልም። በኪሊፊ የሚሠሩ የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋምና የዌልካም ትረስት (የጤና ምርምርን በገንዘብ የሚደግፍ የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት) ተመራማሪዎች ከጤና ሠራተኞች ጋር ሆነው ያነሱት ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ እናት ወደ ሱቅ መሄዷ ካልቀረ፣ ባለሱቁን ማስተማር በልጁ አፍ የሚገባውን መድኃኒት ይለውጣል? መልሱ ከተገኘ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ያም ሆኖ መድኃኒት ሻጮችን ለማሰልጠን የሚነሳ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች እዚያ አሉ። ውጤቱን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደረገውም ኋላ ላይ ያደከመውም ምን እንደሆነ በቁጥር የሚታይበት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ከስልጠናው በፊት ሱቁ ውስጥ የነበረው

የሚሸጠው መድኃኒት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የትኩሳትና የራስ ምታት ማስታገሻ ነው፦ ፓናዶል፣ እንዲሁም ማራ ሞጃና አክሽን የመሳሰሉ አስፒሪን፣ ፓራሲታሞልና ካፌይን የተደባለቁባቸው ኪኒኖች። ሁለተኛው የወባ መድኃኒት ነው፦ ማላራኪን፣ ሆማኪን፣ ዳዋኪን በሚባሉ ስሞች የሚሸጠው ክሎሮኪን። ስማቸው ቢለያይም ሦስቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። ይህን የማያውቅ ሻጭ "ያኛው አልሠራለትም" ብላ ለመጣች እናት በሌላ ስም ያንኑ ይሰጣታል። ማስታገሻዎቹም ላይ ተመሳሳይ ስህተት አለ። ፓናዶል የወሰደ ልጅ ማራ ሞጃ ሲጨመርለት ፓራሲታሞሉ ይደረብበታል፤ ለልጅ የማይመከረው አስፒሪንም አብሮ ይገባል።

ግብይቱ አጭር ነው። ብዙ ጊዜ የሚላከው ልጅ ነው፤ ጥቂት ሳንቲም ይዞ "የትኩሳት መድኃኒት" ይላል። ባለሱቁ የታመመው ማን እንደሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረው አይጠይቅም። ከትልቅ ብልቃጥ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ቆጥሮ በወረቀት ይጠቀልላል። በብልቃጡ ላይ ያለው መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያም ቢሆን ከብልቃጡ ጋር ሱቅ ውስጥ ይቀራል። ገዢው እጅ የሚደርሰው ስም የሌለው ኪኒን ነው።

ጉዳቱን ለመረዳት የክሎሮኪንን ስሌት ማየት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በሦስት ቀን የሚሰጥ ሲሆን ሙሉ መጠኑ በኪሎ 25 ሚሊግራም ነው፤ በመጀመሪያው ቀን 10፣ በሁለተኛው 10፣ በሦስተኛው 5። በጊዜው የነበረው የልጆች ሕክምና ሠንጠረዥ ይህን 150 ሚሊግራም ወደያዘው ኪኒን እንዲህ ይመነዝረዋል፦ ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በየቀኑ ግማሽ፣ በድምሩ አንድ ተኩል፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት አንድ፣ አንድ፣ ግማሽ፣ በድምሩ ሁለት ተኩል፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት አንድ ተኩል፣ አንድ ተኩል፣ ግማሽ፣ በድምሩ ሦስት ተኩል። ለአዋቂ አራት፣ አራት፣ ሁለት፣ በድምሩ አሥር። የሁለት ዓመት ልጅ አንድ ፍሬ ብቻ ከተገዛለት ከግማሽ በታች ደረሰው ማለት ነው። ክሎሮኪን ትኩሳትን ራሱም ስለሚቀንስ ልጁ በማግስቱ የተሻለው ይመስላል፤ ተህዋሲው ግን ደሙ ውስጥ አለ።

በተቃራኒው በኩል ያለው ስህተት የከፋ ነው። ክሎሮኪን ሕክምናና መርዝ የሚራራቁበት ክፍተት ጠባብ የሆነ መድኃኒት ነው። በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ መውሰድ ይመርዛል፤ ከ30 በላይ ልብን ሊያቆም ይችላል። አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሁለት ተኩሉን ፍሬ በአንዴ ቢውጥ በኪሎ 37 ሚሊግራም ገደማ ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩን "ሙሉውን ሽጥ" ብሎ ማስተማር ብቻውን አደገኛ ነው። ሙሉውን ሲሸጥ እንዴት በሦስት ቀን እንደሚከፋፈል ለገዢው ማስረዳትና ማስረጃውንም አብሮ መስጠት አለበት። የኪሊፊ ስልጠና ባለሱቆችን ከመጠን ሠንጠረዡ ጋር አጠቃቀሙን በሥዕል የሚያሳይ የላስቲክ ማኅተም ያስታጠቀው ለዚህ ነው። ኪኒኑ በሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ማኅተሙ ከተመታ፣ ማንበብ የማትችል አያትም በቀን ስንት እንደሚሰጥ ታያለች።

የመጀመሪያው ሙከራ

የሙከራው ውጤት የታተመው በ1999 ነው። ባለሱቆች በዐውደ ጥናት ተሰብስበው ተማሩ፤ ጎን ለጎን ለመንደሩ ሕዝብ ትምህርት ተሰጠ። ትኩሳት ላለበት ልጅ ከተሸጡት መድኃኒቶች የወባ መድኃኒት ያለባቸው ከስልጠናው በፊት 34 በመቶ ነበሩ፤ ከስልጠናው በኋላ ቢያንስ 79 በመቶ ሆኑ። የወባ መድኃኒት ከገዙት መካከል በቂ መጠን የገዙት ከ32 በመቶ ተነስተው ቢያንስ 83 በመቶ ደረሱ። ልጁ በቂ ክሎሮኪን በትክክል የተሰጠበት የትኩሳት ሕመም ደግሞ ከ4 በመቶ ባነሰ ደረጃ ላይ የነበረ ሲሆን ቢያንስ 65 በመቶ ሆነ።

ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ብዙ የሚናገረው የመጨረሻው ነው። ከስልጠናው በፊት የወባ መድኃኒት ከገዙት ሲሶ ያህሉ በቂ ኪኒን ይዘው ሲወጡ በቂ የወሰደው ልጅ ግን ከሃያ አምስት አንድ አይሞላም ነበር። ስለዚህ ችግሩ የሽያጩ መጠን ብቻ አልነበረም። ኪኒኑ ቤት ደርሶ ትኩሳቱ ሲበርድ ይቀመጣል፣ ለሌላ ልጅ ይቆጠባል፣ ሲመር ይተፋል። ባለሱቁ አፉን ከፍቶ "ቢሻለውም ሦስቱንም ቀን ስጪው" እስካላለ ድረስ፣ የቆጠረው ኪኒን ብዛት ለልጁ ዋስትና አይሆንም። መድኃኒት ሻጭን የሚያሰለጥን ሰው ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ለዚህች ንግግር ነው፤ ሠንጠረዥ ማስታወስ ቀላሉ ክፍል ነው።

ንግግሯን ማስተማር የሚቻለው ደግሞ በማለማመድ እንጂ በገለጻ አይደለም። አንዱ ባለሱቅ እናት፣ ሌላው ሻጭ ሆኖ ይቆማል። ሻጩ አራት ነገር ይጠይቃል፦ የታመመው ማን ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እስካሁን ምን ወሰደ። ቀጥሎ የአደጋ ምልክት ይፈልጋል፦ ልጁ ተንቀጥቅጦ ያውቃል፣ መጥባት ወይም መጠጣት አቅቶታል፣ የበላውን ሁሉ ያስመልሳል፣ ፈዝዞ አይነቃም፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። አንዱ እንኳ ካለ መሸጥ ቀርቶ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው ምልክቱ ባይኖርም ይላካል። በመጨረሻ ገዢዋ የተነገራትን መልሳ እንድትናገር ይጠይቃል። ስህተቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ "ገባኝ" ያለች እናት መልሳ ስትናገር ሁለተኛው ቀን ይጠፋል ወይም ግማሹ ፍሬ አንድ ይሆናል። ኪኒን በምላጭ እኩል መክፈልም የልምምዱ አካል መሆን አለበት። ግማሽ እየተባለ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ግማሽ አይደለም።

ሰፊው መርሐ ግብር፣ ከ1998 እስከ 2001

ቀጣዩ ሥራ 70 ሺህ ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ ተካሄደ። አካባቢው ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ክፍል ስልጠናውን በ1999፣ ሌላው በ2000 አገኘ። የዘገየው ክፍል ለቀደመው ማነጻጸሪያ ሆነ። መለኪያውም ሁለት ነበር። በየዓመቱ ቤት ለቤት እየተዞረ ልጅ በትኩሳት ሲታመም ከሱቅ ምን እንደተገዛና እንዴት እንደተሰጠ ተጠየቀ። ከዚህ ሌላ ደንበኛ መስለው ሱቅ የሚገቡ መረጃ ሰብሳቢዎች የሻጩን ተግባር መዘገቡ። ሻጭን ፈተና አስቀምጦ መጠየቅ የሚያሳየው የሚያውቀውን ነው፤ ደንበኛ መስሎ መግባት የሚያሳየው የሚያደርገውን ነው። ሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሁሉም አገር ሰፊ ስለሆነ፣ በስልጠናው ማብቂያ በወረቀት ፈተና ብቻ የተመዘነ ስልጠና ተመዘነ ማለት ይከብዳል።

በዚያው ጊዜ ሌላ ለውጥ መጣ። ክሎሮኪን ተህዋሲው ስለተላመደው በ1998 ኬንያ የመጀመሪያ ምርጫ የወባ መድኃኒቷን ወደ ሰልፋዶክሲን ፓይሪሜታሚን ቀየረች። ፋንሲዳር የሚባለው ይኸው ነው፤ ሜታኬልፊን ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው። አዲሱ መድኃኒት በሱቅ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ለስልጠናው ይህ ትልቅ ዕድል ነበር፤ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ተውጦ የሚያልቅ ነውና። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግማሽ ፍሬ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ አንድ ፍሬ። ሁለተኛ ቀን የለም፣ ሦስተኛ ቀን የለም፣ የሚረሳ የለም።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ቀድሞ በሠለጠነው ክፍል የወባ መድኃኒት ከሱቅ ወስደው ከተጠቀሙት መካከል በቂ መጠን ያገኙት በ1998 ከነበሩበት 8 በመቶ በ1999 ወደ 33 በመቶ አደጉ። አዲሱ መድኃኒት ገብቶ ሁለቱም ክፍሎች ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ2001፣ 64 በመቶ ሆነ። የመጀመሪያው ጭማሪ በአብዛኛው የስልጠናው ነው። ሁለተኛው ግን የስልጠናውና የመድኃኒቱ ቅለት ድምር ነው፤ ሙሉውን ለአስተማሪው መስጠት ትክክል አይሆንም። ስልጠና አስቸጋሪ የአወሳሰድ ሥርዓትን የማሸነፍ ኃይሉ ውስን ነው፤ ቀላል ሥርዓት ሲያገኝ ግን ይበረታል።

ከሁሉ የጠበቀው መለኪያ በሱቅ መድኃኒት ከታከሙ የልጆች ትኩሳቶች መካከል ትክክለኛውን የወባ መድኃኒት፣ በበቂ መጠን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያገኙት ስንት ናቸው የሚለው ነው። በመነሻው ከ681 ትኩሳቶች 1 በመቶ፣ በ2001 ከ919 ትኩሳቶች 28 በመቶ። ከአንድ ወደ ሃያ ስምንት መውጣት በመንደር ደረጃ የልጆችን ሕይወት የሚያተርፍ ለውጥ ነው። ከመቶ ሰባ ሁለቱ ግን አሁንም በጊዜው በቂ ሕክምና አላገኙም። 64 እና 28ን የሚለያየው ሻጩ መጠን መሳሳቱ አይደለም። ማስታገሻ ብቻ ገዝተው የሚሄዱና ዘግይተው የሚመጡ ወላጆች ናቸው። ባለሱቁ ሱቁ ያልመጣን ሰው አያስተምርም፤ "ፓናዶል ብቻ ስጠኝ" የሚልን ደንበኛም በግድ አይለውጥም። የሕዝቡ ትምህርት ከባለሱቁ ትምህርት እኩል ገንዘብና ጊዜ የሚያስፈልገው ከዚህ የተነሳ ነው።

አዲሱ መድኃኒት የራሱን ችግርም ይዞ መጣ። እንደ ክሎሮኪን ትኩሳትን ቶሎ አያበርድም። ልጁ ኪኒኑን ውጦ ማታም እንደነደደ ሲያድር እናትየው "አልሠራም" ብላ ተመልሳ ትመጣለች፤ ያልተነገረው ሻጭ ሌላ የንግድ ስም ያለው ያንኑ መድኃኒት ይደግምላታል። መፍትሔው ሲሸጥ ጊዜ ፓራሲታሞል አብሮ ሰጥቶ "ትኩሳቱ እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ይህን አትድገሚ፤ ካልወረደ ወይም ከባሰበት ሆስፒታል ውሰጂው" ማለት ነው። መድኃኒቱ ሰልፋ የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ከዚህ በፊት በሰልፋ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ቆዳው የተላጠ ሰው ፈጽሞ አይሰጠውም፤ ይህን መጠየቅም ከዚያ በኋላ የሻጩ ግዴታ ሆነ።

ለምን ተቀበሉት?

በኪሊፊ ባለሱቆች ስልጠናውን በደስታ እንደተቀበሉት ተመዝግቧል። ምክንያቱን በበጎ ፈቃድ ብቻ መግለጽ አይበቃም። ስልጠናው ባለሱቁን ምን አለው? "ከአንድ ፍሬ ይልቅ ሁለት ተኩል ሽጥ፤ ከማስታገሻው ላይ የወባ መድኃኒት ጨምር።" ትክክለኛው አሠራር ብዙ የሚሸጥበት አሠራር ነበር። ጎረቤቱ ልጇ ሲድንላት ደግሞ ተመልሳ ትመጣለች፤ ስሙ ይነሳል። ዕውቀቱና ገቢው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትቱ ነበር።

ሁለቱ ሲጋጩ የሚሆነውን ለማየት የሕንድን ልምድ መጥቀስ ይረዳል። በምዕራብ ቤንጋል በቢርቡም ወረዳ ያለ ሕክምና ዲግሪ ከሚያክሙና መድኃኒት ከሚሰጡ 304 ሰዎች 152ቱ በዕጣ ተመርጠው ለዘጠኝ ወር 72 ክፍለ ጊዜ ተማሩ። ውጤቱ በ2016 ታተመ። ታማሚ መስለው የሄዱ ሰዎች እንዳሳዩት ትክክለኛ ሕክምና የመስጠት ልማዳቸው ካልሠለጠኑት በ7.9 የመቶኛ ነጥብ ከፍ አለ። አላስፈላጊ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ መስጠታቸው ግን ምንም አልቀነሰም። ትምህርቱ ስላልገባቸው አይመስለንም፤ ሌላው ትምህርት ገብቷቸዋልና። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት ከመድኃኒቱ ሽያጭ ነው፤ ታማሚውም ባዶ እጁን መሄድ አይፈልግም። አንቲባዮቲክ አለመስጠት ከኪስ የሚወጣ ነገር ነው። ጨምር የሚል ትምህርት ተቀባይ ያገኛል፤ ተው የሚል ትምህርት ግን ገቢውን የሚተካ ነገር ወይም ቁጥጥር አብሮት ካልመጣ ብቻውን ይቀራል። ስልጠና ሲነደፍ እያንዳንዱን መልእክት "ይህ ለሻጩ ያስገባለታል ወይስ ያስወጣዋል?" ብሎ መፈተሽ፣ የሚያስወጡትንም ለብቻ ለይቶ በሌላ መንገድ ማገዝ ያስፈልጋል።

ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው

ስልጠናውን የሚያዳክመው ሌላው ነገር የሱቅ ኑሮ ነው። ዐውደ ጥናቱ ላይ የሚገኘው ባለቤቱ ነው፤ የሚሸጠው ግን ሚስቱ፣ ወንድሙ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጁ ሊሆን ይችላል። የሠለጠነ ሰው ሱቁን ዘግቶ ወደ ሞምባሳ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ በምትኩ የሚከፈተው ሱቅ ያልሠለጠነ ነው። የመንደር ሱቅ በቀላሉ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የቀረ ስልጠና ማለቂያው ሩቅ አይሆንም። ሠንጠረዡና ማኅተሙ ዋጋቸው እዚህ ላይ ይጨምራል፤ ባለቤቱ ባይኖርም ግድግዳው ላይ አሉ።

ዐውደ ጥናት ሳይኖርም መሥራት እንደሚቻል በምዕራብ ኬንያ በቡንጎማ ወረዳ ተሞክሯል። እዚያ የሠለጠኑት ጅምላ ሻጮች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ዕቃ ሊገዛ ለሚመጣው ቸርቻሪ ሥዕላዊ መመሪያ እየሰጡ ማስረዳት ነበረባቸው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ገቢ ማጣት የለበትም፣ አዲስ የተከፈተ ሱቅም ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ መመሪያውን ያገኛል። ድክመቱም ግልጽ ነው፦ በዕቃ ግዢ መካከል የሚሰጥ ማብራሪያ አጭር ነው፤ የአደጋ ምልክት መለየትን የመሰለ ልምምድ አይፈጸምበትም። ሁለቱን ማጣመር ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ልምምዱ በዐውደ ጥናት፣ ዕድሳቱ በጅምላ ሻጩ በኩል።

መደበኛ ትምህርት የሚለውጠው ምንድን ነው? ማንበብ የሚችል ሻጭ ሠንጠረዥ ይከተላል፣ የማብቂያ ቀን ያያል፣ ማራ ሞጃ ላይ የተጻፈውን አይቶ ፓራሲታሞል መኖሩን ያውቃል። ይህ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ማንበብ መቻል ዕድሜ መጠየቅን አያስተምርም። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰውም ሳይለማመድ ከቀረ "ለማን ነው?" ሳይል ቆጥሮ ይሰጣል።

መድኃኒቱ ሲቀየር

ኬንያ በ2004 የወባ መድኃኒቷን እንደገና ቀየረች፤ አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ፣ በጤና ተቋማት መሰጠት የጀመረው በ2006 ነው። አዲሱ መድኃኒት እጅግ የተሻለ ነው፤ ለሱቅ ሻጭ ግን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ተበላሸበት። ዋጋው ከፋንሲዳር ብዙ እጥፍ ነበር። በተራ ሱቅ እንዲሸጥ አልተፈቀደም። አወሳሰዱም ከአንድ ጊዜ ወደ ስድስት ጊዜ ተመለሰ፦ የመጀመሪያው፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ሁለተኛው፣ ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋትና ማታ። ከ5 እስከ 15 ኪሎ ላለ ልጅ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ፍሬ፣ በድምሩ 6፤ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 12፤ ለአዋቂ አራት አራት፣ በድምሩ 24። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ያንሳል፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር መሆን አለበት። የኪሊፊ ባለሱቅ ግድግዳ ላይ የቀረው ሠንጠረዥ ደግሞ መንግሥት የተወውን መድኃኒት ያስተምር ነበር። በስልጠና ላይ የወጣ ገንዘብ ዋጋ የሚኖረው መድኃኒቱ፣ ሕጉና ሠንጠረዡ አንድ ነገር እስካሉ ድረስ ነው።

ይህን መልሶ ለማስተካከል የተደረገ ሙከራ በምዕራብ ኬንያ በቡሲያ፣ በቴሶና በቡቴሬ ሙሚያስ ወረዳዎች ተካሂዷል። ቲባማል የተባለ፣ ለልጅ በዕድሜ ተለክቶ የታሸገ አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን በድጎማ በ20 የኬንያ ሽልንግ በሱቅ እንዲሸጥ ተደረገ፤ ሻጮቹ ሠለጠኑ፣ መንደሩም ተማረ። ውጤቱ በ2011 ሲታተም ትኩሳት በጀመራቸው ቀን ወይም በማግስቱ መድኃኒቱን ያገኙ ልጆች ድርሻ ድጎማ ከሌለበት አካባቢ በ25 የመቶኛ ነጥብ በልጦ ተገኘ። ማሸጊያው የሻጩን ስሌት ሠራለት፤ ስንት ፍሬ እንደሚቆጠር ማሰብ ቀረ፤ መመሪያውም ከኪኒኑ ጋር ቤት ገባ። በ1990ዎቹ በማኅተም የተደረገውን እዚህ ላይ ፋብሪካው አደረገው።

አሁን ያለው ጥያቄ

የኪሊፊ ስልጠና የቆመበት መሠረት "የልጅ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ብለህ አክም" የሚል ነበር። በጊዜው ትክክል ነበር፤ ወባ ብዙ ነበር፣ በመንደር መመርመሪያ አልነበረም። በ2000ዎቹ ግን በኪሊፊ ሆስፒታል በወባ የሚተኙ ልጆች ቁጥር በእጅጉ ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 በማንኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ሳይመረመር የወባ መድኃኒት እንዳይሰጠው መከረ። ዛሬ ለሱቅ ሻጭ የሚዘጋጅ ስልጠና የጣት ደም ወስዶ በፈጣን መመርመሪያ ማየትን፣ መርፌውን በደህና ማስወገድን፣ ውጤቱን በተባለው ደቂቃ ማንበብን ይጨምራል። እነዚህን ማስተማር አይከብድም። የሚከብደው ውጤቱ ወባ የለም ሲል ነው። ያኔ ትምህርቱ "አትሽጥ" ይላል።

በኡጋንዳ በሙኮኖ ወረዳ የመድኃኒት ሱቆች ውስጥ የተደረገው ሙከራ ተስፋም ማስጠንቀቂያም አለው። የሠለጠኑት ሻጮች ውጤቱን በአብዛኛው አክብረዋል፤ ለምርመራው የሚከፈለው ራሱ ገቢ ስለሆነ ወባ ለሌለበት ልጅ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ነገር ግን በልዩ ልዩ አገሮች ፈጣን ምርመራ ሲገባ የወባ መድኃኒቱ ሲቀንስ አንቲባዮቲክ እንደሚጨምር ታይቷል። እናትየው ገንዘብ ይዛ ቆማለች፤ ሻጩ ሌላ የሚሰጣት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ወባ ያልተገኘበትን ልጅ የሚመለከተው ክፍል በስልጠናው ማብቂያ ላይ በአንድ አንቀጽ የሚታለፍ መሆን የለበትም። ትንፋሽ መቁጠርን (ከ2 እስከ 12 ወር በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ)፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ሕይወት አድን የንጥረ ነገር ፈሳሽ (ኦ.አር.ኤስ)ና ዚንክ፣ ፓራሲታሞልን በኪሎ ልክ መስጠትን፣ በሁለተኛው ቀን ልጁን መልሶ ማየትን በሰፊው ማለማመድ ያስፈልጋል። የምርመራው ዋጋ ከመድኃኒቱ ትርፍ እንዳያንስ ተደርጎ መወሰን አለበት። ያ ካልሆነ ሻጩ መመርመሪያውን መደርደሪያ ላይ ትቶ ወደ ብልቃጡ ይመለሳል፤ የሚከስረው ደግሞ ትክክለኛውን ያደረገው ይሆናል።